«ሞኖፊሳይት» እና «ሚያፊሳይት» በዋግ ቅዳሴ ሲመዘኑ

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በእንግሊዝኛ መጻሕፍት ለረጅም ዘመን «ሞኖፊሳይት» ስትባል ቆይታለች፤ በቅርብ አሥርት ዓመታት ግን ብዙ ሊቃውንት «ሚያፊሳይት» ማለትን መርጠዋል። ሁለቱም ቃላት የተገኙት «ፊሲስ» ከሚለው የግሪክ ቃል፣ ማለትም ከ«ባሕርይ» ነው። «ሞኖስ» ሌላውን የሚያስቀር ብቸኛ ማለት ሲሆን፣ «ሚያ» በአንስታይ ጾታ የተነገረ ተራ «አንድ» ነው። ይህ ልዩነት በራሱ ቀጭን ነው፤ ክብደት የሰጠው ታሪክ ነው።

የፊተኛው ስም የሚያያዘው የክርስቶስ ሰውነት በመለኮቱ ተውጧል በሚለውና በአውጣኪ ስም በሚታወቀው ትምህርት ነው። እ.ኤ.አ. በ451 የኬልቄዶን ጉባኤ «ሁለት ባሕርይ» ብሎ ሲያውጅ ያልተቀበሉት የእስክንድርያው ፓትርያርክ የዲዮስቆሮስ ወገኖች አውጣኪንም አውግዘዋል፤ እነርሱ የተከተሉት የእስክንድርያውን ቄርሎስን ነበርና፣ በአውጣኪ ስም መጠራታቸው በደል ነው።

በዋግ፣ በሰቆጣ አቅራቢያ ከዓለት በተፈለፈለው በውቅሮ መስቀለ ክርስቶስም ሆነ በዝቋላ ወረዳ አጥቢያዎች፣ በቤቱ ኽምጣንጛ ወይም አማርኛ የሚናገረው ምእመን ከመቍረቡ በፊት ካህኑ የሚያሰማው ኑዛዜ ሃይማኖት ይህ ስም እንደማይገባቸው በቂ ምስክር ነው። ካህኑ ጌታ ከድንግል ማርያም የነሣው ሥጋ ያለ መቀላቀል፣ ያለ መለወጥና ያለ መለያየት ከመለኮቱ ጋር አንድ እንደ ሆነ፣ ለዓይን ጥቅሻ ያህል ጊዜም እንኳ እንዳልተለየው ይመሰክራል። መምህራን ይህን በጋለ ብረት ያስረዳሉ፤ ብረቱ እሳቱን ተዋሕዶ ያቃጥላል፣ ብረትነቱን ግን አይለቅም። በየቅዳሴው ይህን የሚመሰክር ሕዝብ ሥጋን የሚክድ ስም ሊሰጠው አይገባም።

የምሥራቅ ኦርቶዶክስና የኦሪየንታል ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት የጋራ ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ1990 ሁለቱ ወገኖች አውጣኪን በአንድነት እንደሚያወግዙ አስታውቋል።

ይሁን እንጂ «ሚያፊሳይት» የተሻለ ስም ቢሆንም ቍጥርን ብቻ ይናገራል፤ «ተዋሕዶ» ግን ሁለቱ አንድ የሆኑበትን ግብር ያመለክታል። የኢትዮጵያ ሊቃውንት በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ የተከራከሩትም ስለዚሁ ግብር ነበር፤ ሥጋ የከበረው በመዋሐድ ነው ወይስ በመንፈስ ቅዱስ ቅብዓት፣ ልደቱስ ሁለት ነው ወይስ ሦስት የሚለው ጥያቄ ለሁለት ልደት በመፍረድ የተዘጋ ሲሆን፣ ከሁለቱ የእንግሊዝኛ ስሞች አንዱም ይህን ክርክር ለመግለጽ አይበቃም።