የአፈሙዝ ጽዳትና የማሳው ዕዳ

የሾትገን ጥይት እንደ ጠመንጃ ጥይት አንድ አረር ብቻ የሚተፋ አይደለም። በቀለሃው ውስጥ ከታች ወደ ላይ መቀስቀሻው፣ ባሩዱ፣ ውታፉና ፍሬዎቹ በተራ ተደርድረዋል። የውታፉ ሥራ በባሩዱና በፍሬዎቹ መካከል ሆኖ የጋዙን ግፊት ሳያሾልክ ወደ ፊት ማስተላለፍ ነው። በብሪታንያ የሸክላ ዒላማ ተኳሾች አዘውትረው የሚጠቀሙበት ባለ 28 ግራም ጥይት ከ300 በላይ ጥቃቅን የእርሳስ ፍሬዎችን ይይዛል። እነዚያን ሁሉ የሚገፋው ክብደቱ ጥቂት ግራም የሆነ አንድ ውታፍ ነው። ተኩሱ ካለፈ በኋላም ዋናው የሥነ ምግባር ጥያቄ የሚነሣው ከዚሁ ውታፍ ላይ ነው፤ ከተኩስ የሚቀረው ቆሻሻ የት ሊወድቅ ይገባዋል? ማንስ ሊያነሣው?

እ.ኤ.አ. እስከ 1960ዎቹ ድረስ ውታፍ የሚሠራው ከታመቀ ሱፍ፣ ከቃጫና ከወፍራም ወረቀት ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣው የፕላስቲክ ውታፍ ከታች ጋዙን የሚያፍን ከንፈር፣ ከላይ ደግሞ ፍሬዎቹን የሚያቅፍ ኩባያ አለው። ልዩነቱ የሚታየው አፈሙዙ ውስጥ ነው። በቃጫ ውታፍ የተገፉት የእርሳስ ፍሬዎች የብረቱን ግድግዳ እየታከኩ ስለሚያልፉ፣ ለስላሳው እርሳስ ግራጫ መስመር ሆኖ ይለጠፋል። ይህም በተለይ ጥይቱ ከሚጎረስበት ክፍል ፊት ለፊት፣ አፈሙዙ መጥበብ በሚጀምርበት ቦታና ጫፉ ላይ ባለው ጥበት ይበረታል። በፕላስቲክ ኩባያ የታቀፉት ፍሬዎች ግን ግድግዳውን አይነኩም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ፤ እርሳስ አልነካውም ማለት አፈሙዙ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ፕላስቲኩ ራሱ በሙቀትና በፍትጊያ በስሱ እየተላጠ በግድግዳው ላይ ይቀራል፤ የባሩዱም ጥቀርሻ ከሥሩና ከላዩ ይደራረባል። አፈሙዙን ወደ ብርሃን አዙሮ የሚያይ ባለቤት የሚያብለጨልጭ ብረት ሊመስለው ይችላል። የሚያብለጨልጨው ግን አንዳንዴ ስስ የፕላስቲክ ሽፋን ነው። በጥቁር ባሩድ የሚተኩሱ ሰዎች ፕላስቲክን የሚሸሹትም ከባሩዱ ወፍራም ጥቀርሻ ጋር ቀልጦ ስለሚጣበቅ ነው።

ጽዳቱ ረጅም ሥራ አይደለም። በመጀመሪያ የተጠቀለለ ወረቀት ወይም ጨርቅ በዘንግ ተገፍቶ ልሙን ጥቀርሻ ጠርጎ ይወጣል። ቀጥሎ ማሟሚያ ፈሳሽ ይቀባና ጥቂት ደቂቃ ይቆያል፤ ከዚያ የነሐስ ብሩሽ ደጋግሞ ይመላለሳል። ቃጫ ሲተኮስበት ከዋለ አፈሙዝ ጨርቁ ላይ ደቃቅ ግራጫ የእርሳስ ስባሪ ይወጣል። ፕላስቲክ ሲተኮስበት ከዋለው ደግሞ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ቅራፊ ይገኛል። በመጨረሻ በደረቅ ጨርቅ ይወለወልና ዝገት እንዳይዘው ስስ ዘይት ይቀባል። አብዛኛው ጥቀርሻ ከባሩዱና ከመቀስቀሻው የሚመጣ ስለሆነ ለሁለቱም የጋራ ነው። ውስጡ ክሮም በተለበጠ ዘመናዊ አፈሙዝ፣ ቃጫው የሚጨምረው ድካም ከጥቂት ደቂቃ የብሩሽ ሥራ አያልፍም።

የሥነ ምግባሩ ሒሳብ የሚጀምረው ከነዚህ ጥቂት ደቂቃዎች ነው። አንድ የፕላስቲክ ውታፍ 2 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ 100 ዒላማ በሚተኮስበት አንድ ዙር 200 ግራም ያህል ፕላስቲክ ሣር ውስጥ ይበተናል፤ እንደ ቃጫውም ቶሎ አይበሰብስም። መሬቱ አብዛኛውን ጊዜ የተኳሹ አይደለም፤ ከብት የሚግጥበት፣ ድርቆሽ የሚታጨድበት የገበሬ ማሳ ነው። የሥነ ምሕዳር ሊቁ ጋሬት ሃርዲን በ1968 ስለ ጋራ ሀብት መጥፋት በጻፈው ዝነኛ ጽሑፍ ይህን ዓይነቱን ሒሳብ በግልጽ አስቀምጦታል፤ ቆሻሻውን ራሱ ከማጽዳት ይልቅ ወደ ጋራው ስፍራ የሚጥል ሰው ትርፉን ብቻውን ይወስዳል፣ ጉዳቱን ግን ከሌሎች ጋር ይካፈላል። ስለዚህ ለራሱ ብቻ የሚያሰላ ሰው መጣሉን ይመርጣል። ፕላስቲክን ለአፈሙዙ ድሎት ሲል የመረጠ ተኳሽ ስሌቱ ከዚህ አይለይም። አፈሙዙን በየሳምንቱ እየወለወለ ማሳውን የሚረሳ ሰው ንጽሕናን ከንብረት ጋር አምታቷል፤ ሰነፍ ግን አይባልም።

የአንትሮፖሎጂ ሊቋ ሜሪ ዳግላስ በ1966 ባሳተመችው ስለ ንጽሕናና ርኩሰት በሚተርከው መጽሐፏ፣ ቆሻሻ የነገሩ ባሕርይ ሳይሆን ያለ ቦታው የመገኘቱ ጉዳይ መሆኑን አሳይታለች። እርሳስ ፍሬው ላይ ሳለ ጥይት ነው፤ ግድግዳው ላይ ሲለጠፍ ዕድፍ ይሆናል። በዚህ ዓይን ሲታይ ማጽዳት ቆሻሻን ያዛውረዋል እንጂ አያጠፋውም። ማሟሚያ የጠጣው ጨርቅ ራሱ የሆነ ቦታ ይጣላል። አፈሙዙን የሚያጸዳም ቆሻሻ ይጥላል የሚለው ተቃውሞ እውነት ነው፤ ቢሆንም ልዩነቱን አያፈርሰውም። ጨርቁ ባለቤቱ እጅ ላይ ነው፣ የት እንደሚጣልም ያውቃል። ሣር ውስጥ የጠፋውን ውታፍ ግን ልልቀመው ቢል እንኳ ሁሉንም አያገኘውም። በሰው እጅ ያለ ቆሻሻና ከሰው እጅ ያመለጠ ቆሻሻ በኃላፊነት ሚዛን እኩል አይደሉም።

ከባዱ ተቃውሞ ሌላ ነው። የቃጫ ውታፍን የሚያወድስ ሰው ከውታፉ ጋር የሚሄደውን 28 ግራም እርሳስ መርሳት የለበትም። ወፎች ምግባቸውን የሚፈጩበት ጠጠር መስሏቸው የእርሳሱን ፍሬ እየዋጡ ይመረዛሉ። አሜሪካ ለውኃ ወፎች አደን በ1991 እርሳስን ከልክላለች፤ ዴንማርክ በ1996 የእርሳስ ፍሬን ጨርሳ አግዳለች። እርሳስን የሚተካው ርካሹ ነገር ብረት ነው፤ ብረት ግን ጠንካራ ስለሆነ ያለ ኩባያ ቢተኮስ አፈሙዙን ይፍቃል። ይህ ኩባያ ለረጅም ጊዜ ፕላስቲክ ብቻ ነበር። ስለዚህ ወፉን ለማዳን የተመረጠው ፍሬ ማሳውን የሚያቆሽሽ ውታፍ ይዞ መጣ። ቢስሙት የተባለው ማዕድን ለስላሳ በመሆኑ በቃጫ ውታፍ ሊተኮስ ይችላል፤ ዋጋው ግን የእርሳስን ብዙ እጥፍ ነው። ንጹሕ ምርጫ ለሁሉም እኩል ርካሽ አለመሆኑ የሥነ ምግባር ጸሐፊዎች ቶሎ የሚያልፉት ነገር ነው።

በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 20 ከተማ የሚከብብ ሠራዊት የፍሬ ዛፎችን እንዳይቆርጥ የተሰጠ ትእዛዝ አለ። የአይሁድ ሊቃውንት ከዚህ ተነሥተው ባል ታሽሒት የተባለውን ነገርን ያለ አግባብ ማጥፋትን የሚከለክል ሰፊ ሕግ አወጡ። ትእዛዙ የሚናገረው ለጦር ሜዳ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል፤ ማጥፋት በተፈቀደበት ስፍራ እንኳ ከሚያስፈልገው በላይ ማጥፋት አልተፈቀደም። ለውታፉ ጉዳይም ከዚህ የተሻለ መለኪያ ማግኘት ያስቸግራል። ለብረት ፍሬ ኩባያ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ጥያቄው ኩባያው ከምን ይሠራ የሚለው ነው። በውኃ የሚሟሙና ከወረቀት የተሠሩ ኩባያዎች ገበያ ላይ ስላሉ፣ ፕላስቲኩን የግድ የሚያደርግ ምክንያት እየጠበበ ሄዷል። ለእርሳስና ለቢስሙት ደግሞ ቀድሞውንም የግድ አልነበረም።

በ2020 ዘጠኝ የብሪታንያ የአደንና የገጠር ድርጅቶች በአምስት ዓመት ውስጥ ሾትገን ለአደን በሚተኮስበት ሁሉ እርሳስንና አንድ ጊዜ ተጠቅመው የሚጥሉትን ፕላስቲክ በፈቃደኝነት ለመተው ተስማሙ። ጊዜው ሊያበቃ ሲቃረብ ግን ከገበያ ተገዝተው በተመረመሩ ፌዛንት የተባሉ የአደን ወፎች ውስጥ እጅግ በብዛት የተገኘው አሁንም እርሳስ ነበር። በሐምሌ 2025 የብሪታንያ መንግሥት እርሳስን በሦስት ዓመት የመሸጋገሪያ ጊዜ እንደሚከለክል አስታወቀ። ክልከላው የሚመለከተው ፍሬውን እንጂ ውታፉን አይደለም። የውታፉን ጉዳይ የሚወስነው እስካሁን የመሬቱ ባለቤት ነው፤ ብዙዎቹ የብሪታንያ የዒላማ ሜዳዎችም ከቃጫ ውታፍ በቀር ሌላ አያስተኩሱም።