ትሕትናና ፍርሀት በመሥሪያ ቤት

ትሕትና የመልካም ሰው ጌጥ እንደ ሆነች ሁላችንም እናምናለን። ዳሩ ግን ፍርሀት የትሕትናን ልብስ ለብሶ ሲመጣ ለይቶ ማወቅ እጅግ ያስቸግራል፤ ይልቁንም በሴቶች ልጆቻችን ላይ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በቦሌ ካሉት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ በሒሳብ ሥራ የምትተዳደር የእኅታችን ልጅ፣ የክፍል ኀላፊነት ቦታ ተከፍቶ ማስታወቂያ በወጣ ጊዜ፣ ምክር ልትጠይቀን ገርጂ ወደሚገኘው ቤታችን መጣች። «ጋሼ፣ ከተጠየቀው ዕውቀት አንዱ ይጐድለኛል፤ ልወዳደር ወይስ ልተው?» አለችን። እኛም «ልጄ፣ ታገሺ፤ ሰው ራሱን ከፍ ከፍ ማድረግ አይገባውም» ብለን መለስናት። በዚያው ዓመት ወንድሟ ከእርሷ ባነሰ ዕውቀት ለሚበልጥ ሹመት ሊወዳደር መሆኑን ሲነግረን ግን «ጐበዝ! ወንድ ልጅ እንዲህ ነው እንጂ» ብለን መረቅነው። በሁለት ሚዛን መመዘናችንን ያስተዋልነው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

ሁለት ሴቶች የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት፣ ሙርየል ኒደርለና ሊዝ ቬስተርሉንድ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 በአሜሪካ ባሳተሙት ጥናት፣ 40 ወንዶችና 40 ሴቶች አራት አራት ሆነው በአምስት ደቂቃ ውስጥ ቍጥር እንዲደምሩ አድርገው ነበር። በሥራው ፍሬ በወንዶቹና በሴቶቹ መካከል ልዩነት አልታየም። «ከአራታችሁ አንደኛው ማን ነው?» ተብለው በተጠየቁ ጊዜ ግን ከወንዶቹ 75 በመቶ፣ ከሴቶቹ 43 በመቶ «እኔ ነኝ» አሉ። ከአራት ሰው አንደኛ የሚሆነው አንድ ብቻ ስለ ሆነ፣ እውነተኛው ቍጥር ወደ 25 በመቶ የሚጠጋ ነበር። እንግዲህ አንባቢ ያስተውል! ሴቶቹም ቢሆኑ ራሳቸውን ከልክ በላይ ገምተዋል፤ ነገር ግን ለእውነት የቀረቡት እነርሱ ናቸው። ሴቶች በራሳቸው አይተማመኑም ተብሎ ዘወትር የሚነገረው የነገሩ ግማሽ ነው፤ ሌላው ግማሽ የእኛ የወንዶች ትምክሕት ነው። ይህም ከፍጥረት የመጣ ነው እንዳይባል፣ ዘር በእናት በሚቈጠርበት በሕንድ አገር በካሲ ሕዝብ ዘንድ በተደረገ ሙከራ ከወንዶቹ ይልቅ ውድድርን የመረጡት ሴቶቹ ሆነው ተገኝተዋል። ይህም ጥናት እ.ኤ.አ. በ2009 ታትሟል።

ከቤታችን በላይ ወደ ቦሌ የሚወርደውን አውሮፕላን ባየን ቍጥር ይህን ነገር እናስባለን። በ1938 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዋን ሴት ካፒቴን፣ አምሳለ ጓሉን፣ ያገኘው በጥቅምት 2003 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም ከ65 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። በኅዳር 2008 ዓ.ም. ደግሞ አብራሪዎቹም አስተናጋጆቹም ሴቶች ብቻ የሆኑበት አውሮፕላን ከቦሌ ተነሥቶ ባንኮክ ደረሰ። አብራሪ የሚመዘነው በበረራ ሰዓትና በፈተና ነው እንጂ ስለ ራሱ በሚናገረው አይደለም። በብዙው መሥሪያ ቤት ግን ስብሰባ ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ የተናገረው ዐዋቂ ይባላል፤ «ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል» ብላ የጀመረችው፣ ሒሳቡ ምንም ልክ ቢሆን፣ ሳትሰማ ትቀራለች።

መክሊቱን የቀበረው አገልጋይ በተጠየቀ ጊዜ ያቀረበው ምክንያት ፍርሀቱን ነበር፤ ትሕትና ብሎ አልጠራውም። እኛ ግን ለልጃችን ፍርሀቷን ትሕትና ብለን ሰየምንላት፤ ጕድጓዱንም ራሳችን ቈፈርንላት።

ባለፈው ዓመት ያው ቦታ ዳግመኛ ተከፈተ። ስሕተታችንን ልንናገር ወደ ቤቷ ሄድን። ጥቂት ዝም ብላ ቈየችና «ያን ጊዜ የተሾመውን ሰው ሥራውን ያለማመድሁት እኔ ነበርሁ፤ ጋሼ» አለችን። ለማመልከቻው የቀረው ሁለት ቀን ነበር፤ እርሷ ግን ገና አልጻፈችም ነበር።