መጐብኘት ምንድን ነው?

ከጥንት ጀምሮ መንገድ የተቀየሰው ለጉዳይ ነው። ነጋዴ ወደ ገበያ፥ ወታደር ወደ ዘመቻ፥ ተሟጋች ወደ ዳኛ፥ ተሳላሚ ወደ ደብር ይሄድበታል፤ ሁሉም የሚሻው መድረሻውን እንጂ መንገዱን አይደለም። ምድርን ለማየት ብቻ ተነሥቶ መሄድ፥ አይቶም መመለስ፥ ባቡርና አውቶሞቢል ለብዙ ሰው ያስለመዱት ነገር ነው። ይህ ልማድ እጅግ ከሰፋባቸው አገሮች አንዱ የአሜሪካ ምዕራብ ነው። በአሪዞናና በዩታ ምድረ በዳ አባት ልጆቹንና ስንቁን በአውቶሞቢል ጭኖ፥ ከአንዱ ገደል ወደ ሌላው ገደል፥ ከአንዱ ብሔራዊ ፓርክ ወደ ሌላው ፓርክ ብዙ ቀን ይጓዛል። ከመንገደኛውም ጋራ አንድ ጥያቄ አብሮ ይጓዛል፤ ይኸውም ማየት የሚታየውን ነገር ይጠብቀዋልን ወይስ ያጠፋዋል? የሚል ነው።

ይጠብቀዋል የሚሉ ሰዎች ምስክር አያጡም። የኮሎራዶ ወንዝ የቈረጠው ግራንድ ካንየን የሚባለው ታላቅ ገደል 446 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ ጥልቀቱም ከ1 ኪሎ ሜትር ተኩል ይበልጣል። የባቡር ሐዲድ ወደ ገደሉ አፋፍ የደረሰው በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1901 ዓመተ ምሕረት ነው፤ ከዚህ በታች የሚነሡትም ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው። በ1903 ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት መጥቶ አየውና ሳይነካ እንዲቈይ ሕዝቡን መከረ። በ1908፥ ማዕድን ቈፋሪዎችና ሌሎች ጥቅም ፈላጊዎች ዓይናቸውን ጥለውበት ሳለ፥ በሕግ የተጠበቀ ሥፍራ አደረገው፤ በ1919ም ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። እንግዲህ ያልታየ አይወደድም፥ ያልተወደደም ጠበቃ የለውም ቢሉ ነገራቸው መሠረት አለው።

የዚህ ነገር ማስረጃ ከዚያው ወንዝ ላይ፥ ከታላቁ ገደል ወደ ላይ ባለው በግሌን ካንየን በሐዘን ተጽፎ ይገኛል። ጆን ዌስሊ ፓወል የተባለ፥ አንድ እጁን በጦርነት ያጣ ሰው፥ በ1869 በጀልባ ወርዶበት ስሙን አወጣለት። ከዚያ በኋላ ግን መንገድ ስላልገባበት ያወቁት ጥቂቶች ነበሩ። በ1950ዎቹ መንግሥት ዳይኖሰር በሚባለው ጥብቅ ሥፍራ ኢኮ ፓርክ ላይ ግድብ ሊሠራ ባሰበ ጊዜ፥ ሴራ ክለብ የተባለው ማኅበርና ሌሎችም ተሟግተው አስቀሩት። በግሌን ካንየን ስለሚሠራው ግድብ ግን እንዲህ ያለ ሙግት አልተነሣም። ሕጉ በ1956 ወጣ፤ በ1963 የግድቡ በር ተዘጋና ወንዙ መተኛት ጀመረ፤ በ1980ም ሐይቁ ሞላ። ወደ 300 ኪሎ ሜትር የሚደርስ ሸለቆ፥ ከነዋሻውና ከቀደሙ ሰዎች መኖሪያ ፍርስራሽ ጋራ፥ በውሃ ተሸፈነ። የማኅበሩ መሪ ዴቪድ ብራወር ገና ሳያየው ዝም ማለቱን እስኪሞት ድረስ ይጸጸትበት ነበር። ማኅበሩ ስለ ሸለቆው በ1963 ያሳተመውም የፎቶግራፍ መጽሐፍ ርእሱ «ማንም ያላወቀው ሥፍራ» የሚል ነው።

ዳሩ ግን ማየት ያጠፋል የሚሉትም ባዶ እጃቸውን አልቆሙም። በዩታ ያለው ጽዮን የሚባል ሸለቆ በ1919 ብሔራዊ ፓርክ ሆነ፤ በ1930ም በተራራው ውስጥ 1.8 ኪሎ ሜትር ያህል የተፈለፈለ የመንገድ ዋሻ ተከፈተለት። መንገዱ ሰውን ጠራ፤ ሰውም አውቶሞቢሉን ይዞ መጣ። በመጨረሻ ጸጥታን ፍለጋ የመጣው ሁሉ የሚያገኘው የሌላውን ጭስና ጩኸት ሆነ። ስለዚህ ከ2000 ጀምሮ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ሰው የግል ተሽከርካሪውን ትቶ በፓርኩ አውቶቡስ እንዲገባ ተደረገ። በዚያ ምድረ በዳም ጥቍር ቅርፊት የሚመስል አፈር አለ፤ ይህም ደቂቃን ሕያዋን እርስ በርሳቸው ተሳስረው አፈሩን ነፋስ እንዳይወስደው የያዙት ነው። ፎቶግራፍ ለማንሣት ከመንገድ የወጣ ሰው አንድ ጊዜ ቢረግጠው ለመዳን አሥርተ ዓመታት ይፈጅበታል። ረጋጩ ግን ክፉ ሰው አይደለም፤ ወዳጅ ነው እንጂ።

ከዚህም የሚከብድ አለ። ሃቫሱፓይ የሚባሉ ሕዝብ በጋውን በታላቁ ገደል ውስጥ እያረሱ፥ ክረምቱን በአፋፉ ሜዳ እያደኑ ይኖሩ ነበር። በ1882 መንግሥት 210 ሄክታር በሚያህል መሬት ወሰናቸው፤ የቀረው አገራቸውም ኋላ የጐብኚዎች ሆነ። ከ90 ዓመት በላይ ከቈየ ሙግት በኋላ በ1975 ወደ 75,000 ሄክታር ተመለሰላቸው። ገደሉን ለማየት ከሩቅ የመጣው ብዙ ሕዝብ ድንጋዩን አየ፥ የድንጋዩን ቀለም አደነቀ፤ ባለ አገሩን ግን አላየም።

እንግዲህ ሁለቱም ወገን እውነት ይዟል። አለመታየት ግሌን ካንየንን አሰጠመ፤ መታየት ጽዮንን አጨናነቀ። ነገሩን የሚፈታው «ጐበኘ» የሚለው ቃል ይመስላል። ዛሬ ጐብኚ ሲባል በብዙ ሰው ልብ የሚመጣው አይቶ የሚያልፍ መንገደኛ ነው። ቃሉ ግን ከዚህ ይሰፋል። ሐኪም በሽተኛን ይጐበኛል፤ ገበሬ ማሳውን ይጐበኛል፤ ንብ ያለው ሰው ቀፎውን ይጐበኛል። ከእነዚህ አንዱ እንኳ ለዓይኑ ደስታ ብቻ አይሄድም፤ የጐደለውን ሊያውቅ፥ ያወቀውንም ሊሞላ ይሄዳል። በሽተኛ የሚጠይቅ ሰው ቀስ ብሎ ይገባል፥ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፥ ብዙ ተቀምጦ አያደክምም፤ ቤተ ሰቡን ሰላም ሳይል አያልፍም፤ ከሄደም በኋላ እንዴት አደረ? ብሎ ይልካል። ማየት ያለዚህ ሲሆን ወረራ ነው፤ ከዚህ ጋራ ሲሆን ግን ጥበቃ ነው።

ምናልባት «ዓመቱን ሙሉ በሥራ የደከመ ሰው ለዕረፍት ቢሄድ ስለ ምን ዕዳ ይጫንበታል?» የሚል ይኖር ይሆናል። ዕረፍት አይነቀፍም፤ በገደል አፋፍ ቆሞ የገዛ ራሱን ታናሽነት ያወቀ ሰውም ትልቅ ትርፍ አግኝቷል። ነገር ግን ከሰው ቤት በልቶ የወጣ እንግዳ ያ ቤት ሲፈርስ ዝም ሊል አይገባውም። ዕዳው ሸክም አይደለም፤ የማዕዱ ውለታ ነው። በመንገድ መርገጥ፥ በሚረገጠው ምድር የኖረው ማን እንደ ሆነ መጠየቅ፥ ሥፍራው ክርክር በተነሣበት ጊዜም ያዩትን መመስከር፤ ውለታው ይኸው ነው። ይህን ለማድረግ ባለጠግነት አያሻም።

ከ2000 ወዲህ ድርቅ ስለ ጸና በግሌን ካንየን ያለው የፓወል ሐይቅ እጅግ ዝቅ ብሏል። ውሃው በሸሸ ጊዜ፥ በ2005 በኋላም በ2021፥ «የምድረ በዳው ካቴድራል» የተባለው የድንጋይ አዳራሽ ከሰጠመበት ብቅ አለ፤ በዚያ ሸለቆ ብዙ ስፍራም ደለሉ እየታጠበ ዛፍ መብቀል ጀምሯል። አያቶች ሳያዩ ያሰጠሙትን የልጅ ልጆች ለማየት ይሄዳሉ። ዕድል ሁለት ጊዜ አንድን በር ስታንኳኳ እምብዛም አትታይምና፥ እነዚህ መንገደኞች ከፎቶግራፉ ሌላ ምን ይዘው እንደሚመለሱ ሊያስቡበት ይገባል። ያን ጊዜ ሸለቆው የጠፋው ምስክር በማጣት ነበር፤ አሁን ግን ምስክሮቹ ብዙ ናቸው፥ የቀረው አፋቸውን መክፈት ነው።