የአምቡላንሱ ገንዘብና የአማናው ጥያቄ

 

ሰደቃ የሚሰጥ ሰው አንድ ነገር ማወቅ ይፈልጋል፤ ይኸውም የሰጠው ብር በእርግጥ ለተቸገረው ደርሷል ወይ የሚለውን ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ብዙዎቻችን ከዚህ አልፈን «ከሰጠሁት ላይ አንዲት ሳንቲም እንኳ ለደመወዝ ወይም ለቢሮ መዋል የለባትም» እስከማለት እንደርሳለን። ለመሆኑ ይህ ፍርድ ትክክል ነውን? ሕመምተኛን ከሞት አፋፍ በሚያነሳ አምቡላንስ ረገድ ሲታይስ ወዴት ያደርሰናል?

በሙስሊሙ ዓለም ለዚህ ጥያቄ ከሁሉ የተሻለ ምሳሌ የሚሆነን የፓኪስታኑ አብዱል ሰታር ኤዲ ሥራ ነው። ኤዲ በሕንድ ጉጅራት፣ ባንትቫ በተባለች ከተማ እ.ኤ.አ. በ1928 ተወልደው፣ እ.ኤ.አ. በ1947 ሕንድና ፓኪስታን ሲለያዩ ከቤተሰባቸው ጋር ወደ ካራቺ ተሰደዱ። እ.ኤ.አ. በ1951 ሚታዳር በተባለው የከተማው ሠፈር አነስተኛ የመድኃኒት ማደያ ከፈቱ። እ.ኤ.አ. በ1957 ካራቺን ኢንፍሉዌንዛ በመታት ጊዜ ድንኳን ተክለው በሽተኞችን ረዱ፤ ከዚያም በተገኘ መዋጮ አንድ አሮጌ መኪና ገዝተው ሕመምተኛና ሬሳ ማመላለስ ጀመሩ። ያች አንዲት መኪና አድጋ አድጋ፣ እ.ኤ.አ. በ1997 የጊነስ መዝገብ ድርጅታቸውን በዓለም ትልቁ የበጎ ፈቃድ አምቡላንስ አገልግሎት ብሎ አሰፈረው። በመላ ፓኪስታን 115 ቁጥርን የደወለ ሰው የኤዲን መኪና ይጠራል።

ኤዲ የመንግሥትን ገንዘብ አልቀበልም ብለው ከተራው ሕዝብ በሚገኝ መዋጮ ሠሩ። ለራሳቸው ደመወዝ አልወሰዱም፤ ሁለት ልብስ ብቻ ነበራቸው ይባላል። ነርስ የነበሩት ባለቤታቸው ቢልቂስም የሕፃናቱንና የእናቶቹን ሥራ መሩ። ኤዲ እ.ኤ.አ. በ2016፣ ቢልቂስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2022 ወደ አኼራ ሄዱ።

ከዚህ ታሪክ ብዙ ሰው የሚወስደው ትምህርት «የኸይር ሥራ ሠራተኛ እንደ ኤዲ ያለ ክፍያ ይሥራ» የሚል ነው። ሆኖም መሪው ምንም አልወሰዱም ማለት ሾፌሩ ምንም አይከፈለው ማለት አይደለም። ሌሊት ሙሉ መሪ ጨብጦ የሚያድር ሰው ልጆች አሉት፤ የቤት ኪራይ አለበት። መሪው በፈቃዳቸው የመረጡትን ድህነት በሾፌሩ ላይ መጫን ዙህድ ሳይሆን በደል ነው።

ዲናችን በዚህ ላይ ግልጽ ነው። ዘካ ከሚገባቸው ስምንት ወገኖች መካከል በዘካው ሥራ የተሰማሩት እንደሚገኙበት ሱረቱ ተውባ ይነግረናል። የየቲም ገንዘብ የሚጠብቅ ሰው ሀብታም ከሆነ እንዲቆጠብ፣ ድሃ ከሆነ ግን በአግባቡ እንዲመገብ ሱረቱ ኒሳእ ይፈቅዳል። ዑመር (ረ.ዐ) የኸይበርን መሬት ወቅፍ ሲያደርጉም አስተዳዳሪው ሀብት ሳያካብትበት በልኩ እንዲበላ ፈቅደዋል። በሌላ በኩል ደግሞ ዘካ ሰብስቦ ሲመለስ «ይህ የእናንተ ነው፤ ይህ ለእኔ የተበረከተ ነው» ያለውን ሰው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አጥብቀው ወቅሰዋል። እንግዲህ ልዩነቱ በመከፈልና ባለመከፈል መካከል አይደለም። ልዩነቱ የታወቀና የተመጠነ ደመወዝ በመውሰድና በጉያ በመደበቅ መካከል ነው።

ከዚህ የሚከብድ ሌላ ጥያቄ አለ። በአንድ ዓይነት ገንዘብ ቃሬዛ ብቻ የተጫነባቸው ብዙ ትናንሽ መኪኖች መግዛት ይቻላል፤ ወይም ኦክስጅንና የሠለጠነ ባለሙያ ያላቸው ጥቂት መኪኖች። የኤዲ ድርጅት በአብዛኛው የመጀመሪያውን መንገድ መረጠ፤ በዚህም ማንም ወደማይደርስባቸው ድሃ ሠፈሮች ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ2009 በዚያው በካራቺ ሥራ የጀመረው የአማን ድርጅት አምቡላንስ ደግሞ ሁለተኛውን መረጠ። የትኛው ነው ትክክል? መኪና ፈጽሞ በሌለበት ከተማ አንድ አሮጌ መኪና ነፍስ ነው። መኪናው ከተገኘ በኋላ ግን ደም የሚፈሰው ሰው በመንገድ ላይ የሚያስርለት እጅ አጥቶ ቢሞት፣ «መኪናችን በፍጥነት ደርሷል» ማለት መልስ አይሆንም። አማናው ለሕመምተኛው እንጂ ለመኪናው ቁጥር አይደለምና።

እዚህ ላይ ጥፋቱ የድርጅቶች ብቻ አይደለም፤ የእኛ የሰጪዎችም ነው። ስማችን የሚጻፍበት አዲስ መኪና ለመግዛት እንሽቀዳደማለን። ለጎማ፣ ለነዳጅ፣ ለፍሬን ሸራና ለሾፌር የመጀመሪያ ሕክምና ሥልጠና የሚሰጥ ግን ጥቂት ነው። ጎማ ያጣ አምቡላንስ በግቢ ውስጥ ቆሞ ስማችንን ቢያሳይ ምን ይጠቅማል? ኒያችን ለአላህ ከሆነ በማይታየው ነገር ላይ መስጠት የበለጠ ሊቀለን በተገባ ነበር።

ሦስተኛው ጉዳይ መቆጠብ ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2014 የታጠቁ ዘራፊዎች ሚታዳር በሚገኘው የኤዲ ቢሮ ገብተው፣ አዛውንቱን መሣሪያ ደግነውባቸው በካዝና የነበረውን ወርቅና ገንዘብ ዘርፈው ሄዱ። በደሉ የዘራፊዎቹ ነው፤ ለእኛ ግን ትምህርት አለበት። የሰው ንጹሕነት ብቻውን የሕዝብን ገንዘብ አይጠብቅም። ሒሳብ ሹም፣ ኦዲተርና ባንክ ወጪ ቢሆኑም የአማናው አጥር ናቸው። ለክፉ ቀን የሚቀመጥ መጠባበቂያም ልኩ ከታወቀና ለሕዝብ ከተነገረ ስስት አይባልም። ልክ ሳይኖረው ሲከማች፣ በሽተኛውም በዚያው መኪና ሲያጣ ግን ስስት ይሆናል።

በአገራችንም በ1927 ዓ.ም የተመሠረተው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር አምቡላንሶችን ያሰማራል። ጀማዓዎቻችንም የጀናዛና የሕመምተኛ መኪና ለመግዛት መዋጮ ይሰበስባሉ። እንግዲያው ገንዘብ ስንሰጥ «ለደመወዝ ስንት ወጣ?» ብለን ብቻ አንቁም። መኪናው በተጠራ በስንት ደቂቃ ይደርሳል? በውስጡ ያለው ሰው ምን ያውቃል? ከዓመቱ ውስጥ ስንት ቀን ተበላሽቶ ቆመ? ሒሳቡን ማን መረመረው? ብለንም እንጠይቅ። የምንሰጠው ዘካ ከሆነም ዑለማን እንጠይቅ፤ ዘካ በድሃው እጅ ገብቶ ንብረቱ መሆን አለበት የሚሉ የሐነፊ መዝሀብ ዑለማዎች አሉና፣ ለመኪና መግዣ ሰደቃና ወቅፍ ከክርክር የራቁ ናቸው።

አንዲትን ነፍስ ያዳነ የሰው ልጆችን ሁሉ እንዳዳነ ይቆጠራል ብሎ ያስተማረን ዲን፣ ያችን ነፍስ የሚያድነውን ሾፌር ጉሮሮ ቆጥበን አጅር እንድናገኝ አላዘዘንም። በልኩ ከፍለን፣ በግልጽ ቆጥረን፣ ለሕመምተኛው የሚበጀውን መርጠን እንስጥ። ወላሁ አዕለም።