በሌሊት የተነሣ መንገደኛ



በወርኀ ጽጌ፣ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቀን ድረስ፣ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ወደ ግብፅ መሰደዷን እናስባለን። በዚህ ወራት ስለ ስደት ስንሰብክ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። አሁን ግን ከስብከቱ አስቀድመን የራሳችንን በደል ልንናገር ይገባናል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ከደባርቅ በላይ ካለው ደጋ የመጣ አንድ ወጣት በምሽት በራችንን አንኳኳ። «ነገ በማለዳ ወደ መተማ እወርዳለሁ፤ አባ፣ ይባርኩኝ» አለን። መስቀል አሳለምነው፤ ባረክነው፤ ሸኘነው። ከማን ጋር እንደሚሄድ፣ ገንዘቡን ከየት እንዳገኘ፣ እናቱ ታውቅ እንደ ሆነ አልጠየቅነውም። ውሳኔው የሦስት ቀን ዕድሜ ብቻ እንደ ነበረው የሰማነው ኋላ ነው። ከእርሱ አስቀድሞ የሄደ ጓደኛው በአንድ ትልቅ ሕንፃ ፊት ቆሞ የተነሣውን ፎቶግራፍ በስልክ ላከለት፤ በሦስተኛው ቀን በሬውን ሸጠ። ሕንፃው የማን እንደ ሆነ ፎቶግራፉ አይናገርም።

መንገዱን የጎንደር ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በአዘዞ ወጥቶ፣ በአይከል አልፎ፣ በገንዳ ውኃ አድርጎ መተማ ዮሐንስ ይደርሳል። የደጋ ሰው በአጨዳ ወራት ለሰሊጥ ሥራ ወደዚያ ቆላ መውረዱ የቆየ ልማድ ስለ ሆነ፣ ለእናት «ለሰሊጥ ነው» ብሎ መውጣት አያስቸግርም። ከድንበሩ ማዶ ገላባት፣ ቀጥሎ ገዳሪፍና ካርቱም፣ ከዚያም የሊቢያ በረሓ ነው። በዚያ በረሓ ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖች በእምነታቸው ምክንያት እንዴት እንደ ተገደሉ በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. ዓለም ሁሉ አይቷል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት በተነሣ ጊዜ ደግሞ፣ ወጣቶቻችን የሚወጡበት የመተማ በር ነፍሳቸውን ለማትረፍ በሚሸሹ ሱዳናውያንና ከስደት በሚመለሱ ወገኖቻችን ተጨናነቀ። በቀይ ባሕር በኩል የሄዱትም ከዚህ የተሻለ አልገጠማቸውም። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዐረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ተባርረው ተመልሰዋል፤ ብዙዎቹ ከለበሱት ልብስ በቀር የያዙት አልነበረም።

ይህን ስንል ስደት ኃጢአት ነው ማለታችን አይደለም። አባቶቻችን አንድ ሆኖ ያረሱት የገብስ ማሳ ለአምስት ወንድማማቾች ሲከፈል ለአንዱ የሚደርሰው ከጓሮ አይበልጥም። ዲግሪውን ይዞ ዓመታት በአባቱ ቤት የተቀመጠውንም እናውቀዋለን። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልላችን የተነሣው ግጭት ያስከተለውን ሥጋት ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። ለእንዲህ ያለው ሰው «ዝም ብለህ ተቀመጥ» ማለት የሚቀልለው ለጠገበ ሰባኪ ብቻ ነው።

አንድ የሰንበት ትምህርት ተማሪ «ዮሴፍስ በሌሊት ተነሥቶ የለም ወይ?» ብሎ ጠይቆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 2 እንደምናነበው ዮሴፍ በእርግጥ ሳይነጋ ተነሣ። ነገር ግን ያስነሣው የሄሮድስ ሰይፍ ነው፤ የላከው የጌታ መልአክ ነው፤ መድረሻውም ተነግሮታል። ሕፃኑንና እናቱን ይዞ ሄደ እንጂ ተደብቋቸው አልሄደም። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ያለው ታናሽ ልጅም ቸኩሎ ወጥቷል፤ ድርሻውን ከተቀበለ በኋላ ብዙ ቀን አልቆየም። ያሳደደው ግን አልነበረም። ሁለቱም ፈጥነው ወጡ፤ የሁለቱ ጥድፊያ ግን አንድ አይደለም።

በዚህችው በጎንደር የኖሩትን ብፁዕ ገብረ ሚካኤልን እናስብ። በጎጃም ተወልደው፣ በመርጡለ ማርያም መንኩሰው፣ እውነትን ፍለጋ ወደ ጎንደር የመጡ ሊቅ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1841 ጳጳስ ለማስመጣት ወደ ግብፅ ከተላኩት መልእክተኞች ጋር፣ ከቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያዕቆቢስ ጋር አብረው ወረዱ፤ ሮምንና ኢየሩሳሌምንም አዩ። በዚያ ዘመን ሮምን ያየ ኢትዮጵያዊ ስንት ነበር? እርሳቸው ግን በዚያው አልቀሩም፤ ባዩትም ነገር ወዲያው አልወሰኑም። ወደ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን የገቡት እ.ኤ.አ. በ1844 ነው። በ1851 ቅስና ተቀበሉ፤ በ1855 ስለ እምነታቸው በእስር እያሉ አረፉ። ከልጅነታቸው ጀምሮ አንድ ዓይን ብቻ ነበራቸው። እርሳቸው በአንድ ዓይን ሦስት ዓመት መረመሩ፤ እኛ በሁለት ዓይናችን አንድ ፎቶግራፍ አይተን በሬ እንሸጣለን።

ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ግንብ ሊሠራ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንዲቈጥር ያስተምራል። እናንተ መምህራን ሆይ፣ ይህን ቃል ስታስተምሩ ስለ ግንብ ብቻ አትናገሩ። ለመሄድ የቆረጠ ወጣት ሲመጣባችሁ አትገሥጹት፤ ቢገሥጹት ተደብቆ ይሄዳልና። አስቀምጣችሁ ጠይቁት። የሚወስድህን ሰው አባትህ ያውቀዋል? የሥራ ውሉን በእጅህ ይዘሃል? «አሁን ምንም አትክፈል» የሚል ደላላ ዋጋውን በኋላ በበረሓ እንደሚቀበል ንገሩት፤ የሚከፍለውም በስልክ የልጇን ጩኸት የምትሰማው እናት ናት። በውጭ አገር ለሥራ የሚሰማሩበት ሕጋዊ መንገድ በአዋጅ ተደንግጎአል፤ ስለ እርሱ ከወረዳው የሥራ ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ነውር የለበትም። እውነት ነው፤ ይህ መንገድ ይዘገያል፤ ለሁሉም አይደርስም። ሙያ ይዞ የሚሄድ ግን ባዶ እጁን ከሚሄደው በብዙ ይሻላል።

ስለሚመለሱትም አንድ ነገር አለን። በምሳሌው አባት ልጁን ገና በሩቅ ሳለ አይቶ ሮጠለት፤ ታላቅ ወንድሙ ግን ከደጅ ቆሞ ሒሳብ ጠየቀ። በሠፈራችን የታላቅ ወንድም ዘር በዝቷል። «ምን ይዞ መጣ?» የሚለውን ቃል ፈርተው ከአዲስ አበባ አልፈው ወደ አገራቸው ያልመጡ ልጆች እንዳሉ እናውቃለን። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ከተመረጡ በኋላ ከሮም ውጭ የመጀመሪያ ጉዟቸውን ያደረጉት ሐምሌ 1 ቀን 2005 ዓ.ም. በባሕር ለሰጠሙት ስደተኞች ሊጸልዩ ወደ ላምፔዱዛ ደሴት ነበር። ከእኛ የሚጠበቀው ጉዞ እስከ ጎረቤታችን ደጅ ነው።

የዚያ ወጣት እናት በሦስተኛው ወር ወደ እኛ መጣች። ከሊቢያ ተደውሎላት፣ ማሳዋን በወለድ አገድ ሰጥታ የተጠየቀችውን ገንዘብ ልካለች፤ ከዚያ ወዲህ ስልኩ አልጮኸም። በቅዳሴ ጊዜ የልጇ ስም እንዲጠራላት ፈለገች። «አባ፣ ከየትኞቹ ጋር ይጠሩልኛል? ከመንገደኞቹ ጋር ነው ወይስ ካረፉት ጋር?» አለችን። የምንመልሰው ቃል ጠፋን። ጥቂት ቆይተን «ከመንገደኞቹ ጋር» አልናት። እስከ ዛሬም እንደዚያው እንጠራዋለን። እርስዋም በየእሑዱ ትመጣለች፤ ስሙ እስኪጠራ ድረስ በዓምዱ አጠገብ ቆማ ትጠብቃለች።