ማንም ያልዘፈነው ዘፈን

ድምፃዊው ስቱዲዮ ገብቶ አንድን ዘፈን ደጋግሞ ይዘፍናል። እያንዳንዱ ዙር ቴክ ይባላል። የመጀመሪያው ቴክ ስሜት አለው፤ አዝማቹ ላይ ግን ድምፁ ወርዷል። አራተኛው አዝማቹን አሳምሮ፣ ግጥሙን ሳያጣጥም አልፎታል። አቀናባሪው ኮምፒውተሩ ፊት ቁጭ ብሎ ከአንዱ ስንኝ፣ ከሌላው ሐረግ፣ አንዳንዴም አንዲት ቃል ብቻ እየለቀመ አንድ ሙሉ ዘፈን ያወጣል። እኛ ጆሮ የሚደርሰው ይህ ነው። ታዲያ ይህ ዘፈን መቼ ተዘፈነ? እንደምንሰማው ሆኖ በየትኛውም ቀን፣ በየትኛውም ሰዓት አልተዘፈነም።

ማጭበርበር ነው ለማለት አልቸኩልም። ካናዳዊው ፒያኒስት ግሌን ጉልድ በ1964 እ.ኤ.አ. መድረክን እርግፍ አድርጎ ትቶ ወደ ስቱዲዮ የገባ ሰው ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ባሳተመው ጽሑፍ ስለ አንድ የባኽ የሙዚቃ ድርሰት (ፉግ) ቀረጻ ይተርካል። ስድስተኛውና ስምንተኛው ቴክ ሁለቱም ጥሩ ነበሩ። ቆይቶ ሲያዳምጣቸው ግን አንዱ ከልክ በላይ ኮስታራ፣ ሌላው ከልክ በላይ ፈንጠዝያ ሆኑበት። መግቢያውንና መደምደሚያውን ከስድስተኛው፣ መሃሉን ከስምንተኛው ወስዶ ቴፑን አስቆርጦ አስቀጠለ። ልብ በሉ፤ መቀስ ያስነሳው ስህተት አይደለም። ሲጫወት ያልመጣለት ሐሳብ ሲያዳምጥ መጣለት። ገጣሚን በአንድ ቁጭታ ካልጻፍከው ግጥሙ ያንተ አይደለም የሚለው የለም፤ ለሙዚቀኛስ ለምን እንከለክላለን?

ግን ድምፅ እንደ ቀለም አይደለም፤ ከሥጋ የሚወጣ ነው። ሥጋ ደግሞ ይደክማል። ትዝታ የሚያዜም ሰው የመጨረሻው ስንኝ ላይ ድምፁ ሻከር የሚለው ከዚያ በፊት ባሉት ሁሉ ስላለፈ ነው። ያ ስንኝ ከሌላ ቀን፣ ካረፈ ጉሮሮ ሲመጣ ቃናው ይጠራል፤ የመጣበት መንገድ ግን ይጠፋል። የቆረጣው ትልቁ ኪሳራ ለእኔ ይኸው ነው፤ ደግሞም አብዛኛው አድማጭ እንደጎደለው አያውቅም።

ከዚህ የከረረም አለ። በ1952 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ በኦርኬስትራ መሪው ፉርትቬንግለር መሪነት የዋግነር ኦፔራ «ትሪስታንና ኢዞልዴ» ሲቀረጽ፣ ኢዞልዴን የዘፈነችው ኖርዌያዊቷ ኪርስተን ፍላግስታድ ሃምሳዎቹን አጋምሳ ነበር። እጅግ ከፍ ያሉትን ሁለት ኖታዎች ሌላዋ ዘፋኝ ኤሊዛቤት ሽቫርትስኮፕፍ ዘፈነችላት። በሰዓታት ርዝመት ካለው ሥራ ሁለት ኖታ ምን አላት ይባል ይሆናል። እኔ ግን እዚህ ላይ መስመሩ ታልፏል ባይ ነኝ። ሸክላው ለገዢው ቃል የገባው «ይህ በአንድ ትንፋሽ ተዘፈነ» ብሎ አይደለም፤ «ስሟ የተጻፈው ሴት ዘፈነችው» ብሎ ነው። ጉልድ ይህን ቃል አላፈረሰም፤ ሁለቱም ቴኮች የእሱ ናቸው፣ ሲመረጡም እሱ ነበረበት።

መራጩ ማን ነው የሚለው ጥያቄ እኛንም ይመለከታል። ድምፃዊው ቀርጾ ከሄደ በኋላ አቀናባሪው ብቻውን ቢመርጥ፣ ጉሮሮው የአንዱ፣ ውሳኔው የሌላው ይሆናል። የጆሮው ጥራት ከዘፋኙ የሚበልጥ አቀናባሪ አለ፤ አልክድም። ነገር ግን ድምፃዊው ለሐዘኑ ሲል ሆን ብሎ ያሻከረውን ሐረግ ሌላው «ቃና ስቷል» ብሎ ሊጥለው ይችላል። አልበሙ ከወጣ በኋላም ድምፃዊው ለመድረክ ሲዘጋጅ የራሱን ዘፈን ከስልኩ ያጠናል፤ ያልዘፈነውን ለመምሰል ይለማመዳል። ሁለት ቴክ የተጋጠመበት ቦታ ትንፋሽ መውሰጃ ካልተተወለት ደግሞ ሕዝብ ፊት አየር ያጥረዋል።

ስለዚህ ለድምፃውያን የምለው አለኝ፦ ቴኮቻችሁ ሲመረጡ አትሂዱ፤ እዚያው ተቀምጣችሁ ስሙ፤ የእኔ አይደለም የምትሉትንም አስወጡ።