የወላጅ ፍርሃትና የሰገነቱ መከታ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ በሁምቦ በኩል ወደ አርባ ምንጭ በሚወርደው አውራ ጎዳና ያለፈ መንገደኛ ሁሉ የሚያውቀው ትርኢት አለ። የመኪናውን ድምፅ ከሩቅ የሰሙ ሕፃናት ከየጓሮው እየሮጡ ይወጣሉ። አንዱ በእጁ ቆሞ እግሩን ወደ ሰማይ ያነሣል፤ ሁለተኛው እንደ መንኰራኵር ይሽከረከራል፤ ከሁሉ የሚደፍረው ደግሞ በአየር ላይ ተገልብጦ በአስፋልቱ ዳር ይቆማል። መንገደኛው ይስቃል፤ ባዶ የውኃ ጠርሙስ ወይም ጥቂት ብር ወርውሮ ያልፋል። ከእንሰቱ ሥር ቆማ የምትመለከተው እናት ግን አትስቅም፤ የልጇ እግር ተመልሶ መሬት እስኪነካ ድረስ እስትንፋሷ ተይዞ ይቈያል።

ይህ ነገር በመንገድ ዳር ብቻ የቀረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1991 ሰርከስ ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ ከተቋቋመ ወዲህ በጅማ፣ በመቀሌና በናዝሬትም የሰርከስ ቡድኖች ተነሥተዋል፤ ብዙ የድኻ ልጆችም ጂምናስቲክን እንደ ሙያ ይዘውት ባሕር ተሻግረዋል። እንግዲህ ልጁ ይህን ልማር ብሎ ያስጨነቀው ወላጅ ወደ ንስሐ አባቱ ሄዶ «ልከልክለውን? ወይስ ልተወው?» ብሎ ቢጠይቅ ምን መልስ ሊሰጠው ይገባል? እኛም የዛሬውን ትምህርታችንን በዚህ ጥያቄ ላይ ልናደርግ ወደድን።

ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ የሚገባው፣ ወላጅ ስለ ልጁ መፍራቱ በራሱ ኃጢአት አለመሆኑ ነው። ጌታችን የ12 ዓመት ልጅ ሳለ በኢየሩሳሌም በቀረ ጊዜ እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም እየተጨነቀች ፈልጋዋለች (ሉቃ. 2፥41-51)። ማንን እንደ ወለደች ከእርሷ ይበልጥ የሚያውቅ አልነበረም፤ ነገር ግን ማወቋ ከመጨነቅ አላዳናትም። ጻድቁ ኢዮብም ልጆቹ ባልታወቀው በልባቸው በድለው ይሆናል እያለ በማለዳ እየተነሣ መሥዋዕት ያቀርብላቸው ነበር (ኢዮ. 1፥5)። ስለዚህ «ብታምኚ ኖሮ አትፈሪም ነበር» ብሎ እናትን የሚወቅስ ሰው በቍስል ላይ ቍስል ይጨምራል እንጂ አያስተምርም። ፍርሃት የፍቅር ጥላ ነውና፤ ፍቅር በቆመበት ሁሉ ጥላው አይታጣም።

ሆኖም ፍርሃት ገዥ የሆነ እንደ ሆነ ራሱ ልጁን ይጥላል። ይህንም በሳኦል የልጅ ልጅ በሜምፊቦስቴ እናያለን። የሳኦልና የዮናታን ሞት በተሰማ ጊዜ ሞግዚቱ የ5 ዓመቱን ሕፃን ታቅፋ ሸሸች፤ ስትቸኵልም ከእጇ ወድቆ ዕድሜውን ሁሉ ሽባ ሆነ (2ኛ ሳሙ. 4፥4)። ጠላት አልነካውም፤ የጣለው የምትወደው ሰው ድንጋጤ ነው። ዛሬም ልጁ በአየር ላይ ሳለ በጩኸት የሚያስደነግጠው፣ ወይም በዱላ ከልክሎት ተሰውሮ በድንጋይ ላይ እንዲለማመድ የሚያደርገው ወላጅ የዚያችን ሞግዚት ሥራ ይሠራል። በፊታችን የሚጫወት ልጅ ከተሰወረብን ልጅ ይልቅ ለመዳን የቀረበ ነው።

በሌላው ወገን ደግሞ «እግዚአብሔር ያውቃል» እያሉ ልጅን ለአደጋ መልቀቅ እምነት የሚመስል ስንፍና ነው። ሰይጣን ጌታችንን በመቅደስ ጫፍ ላይ አቁሞ የመላእክትን ጥበቃ እየጠቀሰ ራሱን ይወረውር ዘንድ ፈተነው፤ ጌታችን ግን አምላክን መፈታተን እንደማይገባ መለሰለት (ማቴ. 4፥5-7)።

ይህን ነገር የወላይታ ሰው ከሌላው ይልቅ ሊያስተውለው ይገባል። ከሶዶ በላይ የቆመው ተራራ ዳሞታ ይባላል፤ ዳሞት ጋሌ፣ ዳሞት ወይዴ፣ ዳሞት ሶሬ የሚባሉትም ወረዳዎች የጥንቱን ዳሞት ስም ይዘው ይኖራሉ። ወላይታዎች ከጥንት ነገሥታታቸው የሚቈጥሩት ሞተለሚ ለወንጌል የመጡትን አባታችንን አቡነ ተክለ ሃይማኖትን ከገደል እንዳስወረወራቸው፣ ቅዱስ ሚካኤልም ተቀብሎ እንዳዳናቸው በገድላቸው ተነግሯል። እንግዲህ አስተውሉ፤ ጻድቁ ስለ ወንጌል ተወረወሩ እንጂ መልአኩ ይቀበለኛል ብለው ራሳቸው አልዘለሉም። ስለ እውነት የተጣለውን እግዚአብሔር ይቀበለዋል፤ ለአንድ ጠርሙስና ለአላፊ መንገደኛ ሣቅ በተሽከርካሪ ፊት የሚገለበጠውን ሕፃን መጠበቅ ግን አስቀድሞ ለእኛ የተሰጠ አደራ ነው።

በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን መንገድ የሙሴ ሕግ ያሳየናል። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው፣ ሰው እንዳይወድቅበት በሰገነቱ ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዟል (ዘዳ. 22፥8)። ሕጉ ሰገነት አትሥሩ፣ ከፍ ወዳለውም አትውጡ አላለም፤ መከታ አድርጉ አለ እንጂ። በደብረ ዳሞ ያለውንም ሥርዓት እንመልከት። አቡነ አረጋዊ በዘንዶ ተጠግተው ወደ አምባው እንደ ወጡ ይነገራል፤ ከእርሳቸው በኋላ የሚወጡት ግን ሌላ ዘንዶ ይምጣልን ብለው አልተቀመጡም። 15 ሜትር ያህል በሚሆነው ገደል ላይ አንዱን ጠፍር በእጃቸው ይይዛሉ፤ ሁለተኛው በወገባቸው ይታሰራል፤ ከላይ ያለውም መነኵሴ ይስባቸዋል። እጅ ቢዝል ወገብ ታስሯል። እምነትና ጥንቃቄ እንዲህ በአንድ ገደል ላይ አብረው ይወጣሉ።

የልጆቻችን መከታ ምንድር ነው? አንደኛ፣ ቦታው ነው፤ አስፋልት የጨዋታ ሜዳ አይደለምና ልጁ ከመኪና መንገድ ርቆ፣ በለስላሳ መሬት ወይም በፍራሽ ላይ ይለማመድ። ሁለተኛ፣ መምህሩ ነው፤ ድቁና ያለ መምህር እንዳይገኝ ሁሉ ይህም ሙያ ያለ አስተማሪ አይያዝም፤ ወላጅም የአስተማሪውን ጠባይና ችሎታ በዓይኑ ይይ። ሦስተኛ፣ «ይብቃ» የሚለው ቃል ነው።

የዚህን ቃል ዋጋ በሁለት ሴቶች እናስረዳለን። አያቷ ያሳደገቻት የሶቪየት ኅብረቷ ኤሌና ሙኪና እ.ኤ.አ. በ1978 የዓለም ጂምናስቲክ አሸናፊ ሆነች። የተሰበረው እግሯ በደኅና ሳይጠገን ለሞስኮ ኦሊምፒክ ትደርስ ዘንድ ወደ ልምምድ ተመለሰች፤ በሐምሌ 1980 አደገኛውን ግልብጥ ስትለማመድ በአገጯ ወድቃ አንገቷ ተሰበረ። በ20 ዓመቷ ከአንገቷ በታች ሽባ ሆና በ2006 ዐረፈች። አሜሪካዊቱ ሲሞን ባይልስ ግን በ2021 በቶክዮው ኦሊምፒክ በአየር ላይ ሳለች ሰውነቷ ወዴት እንደ ዞረ መለየት ቢሳናት ከብዙው ውድድር ወጣች። ብዙ ሰዎች ነቀፏት፤ እርሷ ግን ድና በ2024 በፓሪስ ሦስት የወርቅ ሜዳሊያ አገኘች። ልጁ ሲታመም፣ ሲደክም ወይም ሲፈራ ያለ ኀፍረት «ይብቃኝ» ማለት እንዲችል የሚያደርገው አስቀድሞ በቤቱ የሰማው የወላጁ ቃል ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ልጅ ቢወድቅስ? በራሱ፣ በአንገቱ ወይም በጀርባው የወደቀውን በብብቱ ይዘን አናንሣው፤ ለወጌሻም አሳልፈን አንስጠው፤ አንገቱ ሳይንቀሳቀስ በጠፍጣፋ ነገር ላይ ተኝቶ ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ። ካህናትም ሆይ፣ ለዚያች እናት «ኃጢአትሽ ነው» አትበሏት። ጌታችን በሰሊሆም ግንብ ስለ ሞቱት ሰዎች ሲናገር ከሌሎቹ ይልቅ በደለኞች እንዳልነበሩ አስተምሯልና (ሉቃ. 13፥4)። አውጤኪስ የተባለውም ጐልማሳ ከሦስተኛው ደርብ በወደቀ ጊዜ ቅዱስ ጳውሎስ ወርዶ አቀፈው እንጂ ስለ ምን አንቀላፋ ብሎ አልመረመረም (የሐዋ. 20፥9-12)።

መከታውን ከሠራን በኋላም የሚተርፍ ፍርሃት አለ፤ እርሱን በእጃችን ይዘን ልንኖር አንችልም። ሐና ሳሙኤልን ለእግዚአብሔር ከሰጠች በኋላ እናትነቷን አልተወችም፤ በየዓመቱ ትንሽ ቀሚስ እየሠራች ትወስድለት ነበር (1ኛ ሳሙ. 2፥19)። ሰጠችው፤ ነገር ግን ቁመቱን አልረሳችም። የቆሎ ተማሪ የሆነ ልጃቸውን አኵፋዳ አስይዘው የሸኙ የአገራችን እናቶችም እንዲሁ አድርገዋል፤ ዳቤሎውን አዘጋጁ፤ መንገዱን ግን ለጌታ ተዉት።

አንቺም እናት ሆይ፣ ልጅሽ በሚዘልበት ሰዓት ዓይንሽን አትጨፍኚ፤ ፍራሹ መነጠፉን፣ መምህሩም መቆሙን እይ። ከዚያም በልብሽ አማትቢ። መሬት ሲነካ መጀመሪያ የሚፈልገው የአንቺን ፊት ነውና፣ ቁጣን ሳይሆን ምስጋናን ያግኝበት።

ልጆቻችንን ከመውደቅ፣ እኛንም ከተስፋ መቍረጥ ይጠብቀን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።